አንድ ለእናቷ

ሰርግ ጅማሬው ደስ ይላል ያለው ማነው? መቼም ያገባ ሰው አይደለም። ልጅቷ ያን ቅዳሜ ከሰዓት በእናቷ ሳሎን፣ ከእጮኛዋና ከእጮኛዋ እናት ፊት ተቀምጣ ጭንቅ ብሏት ወደ ኋላዋ ትገላመጥ ነበር።

የጨነቃት ሰርጉ አልነበረም። ከጀርባዋ ካለው የጓዳ በር ኋላ ታላቅ ወንድሟ ድምፁን አጥፍቶ ተደብቋል። ሾፌር ነበር፤ ሰው ገጭቶ ገደለ፣ ታሰረ፣ ከተፈታ ገና ወሩ ነው። እናታቸው እንግዶቹ እስኪሄዱ እንዳትወጣ፣ አደራ ብላዋለች፤ እሱም እሺ ብሏል። እጮኛዋ ነገሩን ያውቃል። ለእናቴ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ ካለ ግን ስንት ጊዜው! ቀስታው ኤሊን ያስንቃል።

የእጮኛዋ እናት ሁሉን ጨርሰው የመጡ ሴት ናቸው። ሰርጉ ዝናብ ሳይገባ ይሁን አሉ፤ አዳራሹ ሰፊ ይሁን፣ ድንኳን ባፍንጫዬ ይውጣ አሉ። የልጅቷ እናት ለሁሉም እሺ፣ ይሁን ስትል ቆየች። ከዚያ ሴትዮዋ ከፊት የሚቀመጠው የቅርብ ቤተሰብ ማን ማን እንደሆነ ጠየቁ። እህት ወንድም ስንት አላት?

"ኧረ ማንም የላት፤ አንድ ለእናቷ ናት" አለች እናትየዋ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ልጅቷ ቀና ብላ እጮኛዋን አየችው፤ እሱ የመኪናውን ቁልፍ ያገላብጣል። አሁን መናገር እንዳለባት ታውቅ ነበር፤ ግን እሱ እስኪናገር ጠበቀች።

ያ የጓዳ በር አባቷ በሕይወት ከነበሩበት ጊዜ ጀምሮ ማጠፊያው የላላ ነው፤ ካልተደገፈ አይዘጋም። ያን ዕለት ደግፎ የያዘው ወንድሟ ነበር። የእናቱን ቃል ሲሰማ ጀርባው ከበሩ ሳይለቅ አልቀረም፤ በሩ ሲጥጥ ብሎ ተከፈተና እሱ ከእንግዶቹ ጋር ፊት ለፊት ተፋጠጠ።

የእናትየዋ ፊት አመድ መሰለ። እሱ አንዴ እሷን አየት አድርጎ ለእንግዶቹ ጎንበስ አለ።

"ይቅርታ፣ አናጢ ነኝ። በሩን ልሠራ መጥቼ ነው።"

አናጢነቱስ እውነት ነው፤ እስር ቤት ነው የተማረው። ሴትዮዋ እንዲያውም ደስ አላቸው፤ የቁም ሣጥናቸው መሳቢያ አስቸግሯቸዋልና ሲጨርስ ብቅ እንዲልላቸው ነገሩት። እሺ እማማ አለና መሣሪያውን ሊያመጣ ተመለሰ።

ልጅቷ ዞራ ከኋላው አየችው። ጭቃ በሆነ ቁጥር አዝሎ ትምህርት ቤት ያደረሳት ሰው በገዛ ቤቱ ቅጥረኛ ሆነ፤ እሷ ተቀምጣ ታያለች። አፈረች፤ ከእናቷ ይልቅ በራሷ።

እንግዶቹን ልትሸኝ ወጣች። መኪናው ዘንድ ሲደርሱ የሴትዮዋን እጅ ያዘች።

"እማማ፣ አናጢው ወንድሜ ነው። ታላቄ ነው። ታስሮ ነበር።"

ሴትዮዋ ወደ ልጃቸው ዞረው ታውቅ ነበር ወይ ሲሉት መሬት መሬቱን አየ። በሉ እንግዲህ እንደዋወላለን ብለው ገቡ። ስለ አዳራሹም ስለ ዝናቡም ዳግም አላነሱም። እሱም ቻው ሳይላት ሞተሩን አስነሣ።

ስትመለስ እናቷ ሶፋው ላይ ፊቷን በእጆቿ ሸፍናለች። ወንድሟ የምሩን የበሩን ብሎን እየፈታ ነበር።

"ነገርሻቸው አይደል?" አላት ቀና ሳይል። "ምን አለ ዝም ብትዪ።"

"ወንድም ጋሼ፣ እባክህ ተወው በሩን" አለችው፤ እንባዋ ቀደማት።

እንዴት ይተወው? ልሠራ መጥቻለሁ ብሏል፤ ካልሠራው እማዬ ብቻ ሳትሆን እሱም ውሸታም ሊሆን ነው። በሩ ከማጠፊያው ሲላቀቅ ወደ እሱ አዘመመ፤ በትከሻው ደገፈው።

"በይ ነይ አንድ ለእናቷ፣ ያዥልኝ" አላት።

ሄዳ ያዘችለት።