ከቋጠሮ የወረስነው ግማሽ

ልብስ ሰፊዋን ሰፈሩ «መርፌ» ይላታል። ለሙያዋ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ለምላሷም ጭምር ነው። ቀሚሱ ጠበበኝ ብላ የመጣችን ደንበኛ «ቀሚሱማ ያው ነው፤ የሰፋሽው አንቺ ነሽ» ብላ የምትመልስ ሴት ናት። ደንበኞቿ እየተቆጡ ይሄዳሉ፣ እየተቆጡም ይመለሳሉ፤ እንደሷ አድርጎ ትከሻ የሚያስተካክል የለማ። ቂሟም እንደ ስፌቷ ነው፣ በቀላሉ አይተረተርም።

እናም አንድ ማክሰኞ ጠዋት የእህቷ ባል ሱቋ ደጃፍ ላይ ቆሞ «ሚስቴ ታማለች። የደም ካንሰር ነው። የአጥንት መቅኔ የሚሰጣት ዘመድ ካልተገኘ ተስፋ የላትም ብለዋል፤ ካንቺ ሌላ ደግሞ የላትም» ሲላት፣ መርፌ መጀመሪያ የተሰማት ነገር ደስታ ነበር። ምን ይደበቃል፣ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

እህትማማቾቹ የሚገናኙት በአባት ብቻ ነው። አባትየው የግንባታ ዕቃ ነጋዴ ነበር፤ ሠራተኞቹ «ቋጠሮ» ይሉታል። በቤቱ ሁለት አምፖል አብሮ ሲበራ ካየ እንቅልፍ አይወስደውም። የታጠፈ ሚስማር እንኳ አቅንቶ ይሸጣል እንጂ አይጥልም። ሚስቱ የመጀመሪያዋን ልጅ ጡት ሳታስጥል ሞተችበትና ልጅቷን ብቻውን አሳደጋት። ከዓመታት በኋላ ሱቁን ታጸዳለት የነበረችው ሴት ከሱ አረገዘች። ሆዷ ገፋ ሲል «ሥራ ቀንሻለሁ» ብሎ አሰናበታት። የተወለደችው መርፌ ናት።

እናቷ ደግሞ የቋጠሮ ግልባጭ ነበረች። ጎረቤት «ይህ ድስት ሲያምር» ካለች ድስቱ ከነወጡ ይሄዳል። አንድ ክረምት ብርድ ልብሳቸውን ለአራስ አውሳ፣ እናትና ልጅ በመስኮት መጋረጃ ተጠቅልለው ከርመዋል። ልጅቷ «ኧረ እማዬ፣ ለኛስ?» እያለች ስትነጫነጭ «ምን ላድርግ ልጄ፣ አፈጣጠሬ ነው» ትላለች፣ እንደ ማፈር ብላ። መርፌ በእናቷ ደግነት የተናደደችውን ያህል በማንም ክፋት አልተናደደችም፣ እስከዚያች ቀን ድረስ።

አሥር ዓመቷ ነበር። እናቷ ጠዋት ልብስ ስታሰጣ ደም እየፈሰሳት ወደቀች። ሆስፒታሉ ሩቅ ነው፣ ሰፈሩ ደግሞ ታክሲ የማይደርስበት። ልጅቷ እየሮጠች ቋጠሮ ቤት ሄደች። ግቢው ውስጥ ፒክአፑ ቆሟል። በሩን የከፈተችላት ያኔ አሥራ ስምንት ዓመት የሞላት ትልቋ እህቷ ናት፤ የቋጠሮም ሳል ከውስጥ ይሰማል። ትልቋ ገብታ ጠይቃ ተመለሰችና «ጎማው ፈንድቷል» አለች። ልጅቷ ጎንበስ ብላ ጎማዎቹን ተራ በተራ አየች።

«ደህና ናቸው እኮ» አለች።

«ልመና ከእናትሽ በደም የወረስሽው በሽታ ነው፣ ሂጂ!» አለችና ትልቋ በሩን ዘጋችው።

እናት ከሰዓት በኋላ ሞተች። ይኸው ሃያ ሰባት ዓመት ሆነው። መርፌ ቋጠሮ ሲሞት ቀብሩ ላይ አልቆመችም። ትልቋንም ገበያ ውስጥ ካየቻት ወደ ሌላ መደብር ትገባለች፤ አንዴ እንዲያውም የወንዶች ፀጉር ቤት ገብታ «ምን ልርዳሽ?» ሲሏት የምትለው ጠፍቷታል።

ለባልየው «እመረመራለሁ» አለችው። ሰውየው ጉልበቷ ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። የዋህ ነው፤ ለምን እንደተስማማች የት ያውቃል። መርፌ ያሰበችው፣ መቅኔዬ የሚገጥማት ከሆነ እምቢ የምላት ነገር ይኖረኛል ብላ ነው። እስከዛሬ ትልቋ የምትፈልገው፣ እሷ የምትከለክላት አንድም ነገር አልነበራትም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሐኪሟ ቢሮዋ አስጠርታ ወረቀት ላይ ሁለት ዓምድ አሰመረችላት። ሐኪሟ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሯን የምትፈልግ ዓይነት ሴት ናት።

«ሙሉ በሙሉ አትገጥሚያትም» አለች፣ «ግማሹ ግን ልክ ልክ ነው። ግማሽም ይበቃናል፤ ዛሬ በግማሽ እንሠራለን። የምትገናኙት በአባት ስለሆነ የሚገጥመው ከአባታችሁ የወረሳችሁት ነው። ይኼኛው ያንቺ ዓምድ ከእናትሽ የመጣ ነው፣ እሷ ዘንድ የለም።»

መርፌ ወረቀቱን አየችው። ዕድሜዋን ሙሉ ከቋጠሮ ፀጉሬን እንኳ አልወረስኩም ስትል ኖራለች። አሁን አንድ ዓምድ ሙሉ ተዘርግቶ ጠበቃት።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች። «ንፍገትስ እንዲህ ይወርዳል?»

ሐኪሟ ልትስቅ ብላ የመርፌን ፊት ስታይ ተወችው። «መንታዎችን ያጠኑ ሰዎች፣ ለጋስነትም ሆነ ስስት ከፊሉ በዘር ነው ይላሉ። ከፊል ግን ከፊል ነው። ለጋስ የሚያደርገው ይህ ነው ብሎ አንዲት ነገር ለይቶ ያሳየ የለም።»

«መለወጥስ? እንደሷ ያለች ሰው ትለወጣለች?»

«ቶሎ የሚለወጥ ሰው አለ፣ ደረቅም አለ። እሱም ከፊሉ አብሮን ሳይወለድ አይቀርም። ግን እኔ የደም ሐኪም ነኝ፤ አልጋ ላይ ሆኖ ሲለወጥም አይቻለሁ፣ ሲብስበትም አይቻለሁ።» ከዚያ መነጽሯን አገኘችውና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አሁን ዋናውን ነገር ልንገርሽ። ያንቺን ከመስጠታችን በፊት የሷን መቅኔ በመድኃኒት እናጠፋዋለን። እስከዚያ ድረስ ሐሳብሽን ብትለውጪ ሌላ መንገድ እንፈልጋለን። ከዚያ በኋላም ማንም አያስገድድሽም፣ መብትሽ ነው። ግን ያን ጊዜ ከቀረሽ ትሞታለች።»

መርፌ ይህን ነገር እንደ ጥሩ ጨርቅ በልቧ ደጋግማ ዳሰሰችው። አሁን እምቢ ብትል ሌላ መንገድ ይፈልጉላታል። እሺ ብትልና መድኃኒቱ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ብትቀርስ? ያኔ ትልቋም ያለ ማንም ትቀራለች፣ ሰው ይመጣል ብላ በር በሩን እያየች። ባልየው ኮሪደር ላይ እየተቁነጠነጠ በበሩ መስተዋት ሲያያት፣ መርፌ ፈገግ ብላ ፈረመች።

ከመስጠቷ በፊት ባሉት አምስት ቀናት ጠዋት ጠዋት የሚወሰድ መርፌ አለ፤ መቅኔው በዝቶ ወደ ደም እንዲወጣ የሚያደርግ። እሱንም ሳታጓድል ተወጋች፤ ማንም እንዲጠረጥራት አትፈልግማ። ሰፈሩ ሰምቶ ኖሮ ምስጋናው ሌላ ነው። አትክልት ሻጯ «የእናቷ ልጅ! ደም የት ይሄዳል!» ብላ መንገድ ላይ አቀፈቻት። መርፌ በሆዷ እየሳቀች አንገቷን ደፋች። በሦስተኛው ቀን ወገቧን፣ በአራተኛው ደረቷን፣ ጭኗን፣ የራስ ቅሏን ሳይቀር ያማት ጀመር። ነርሷን ስትጠይቃት «ደግ ነው፣ አጥንትሽ ሞልቶ ነው፤ ካንቺ የተረፈ አለ ማለት ነው» አለቻት።

ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሆስፒታል መድረስ ነበረባት። ሦስት ሰዓት ላይ መርፌ ሱቋን ከውስጥ ቆልፋ፣ ለራሷ የሰፋችውን ምርጥ ቀሚስ ለብሳ፣ ወንበር ስባ ተቀመጠች። የትልቋ መቅኔ ጠፍቷል፣ የቀረ ነገር የለም። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ይንጫጫል። መርፌ እጇን አጣምራ ደስታውን ጠበቀች።

ደስታው አልመጣም። ወገቧን እያመማት መቀመጥ አቃታት፤ ተነሥታ ጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ተጋደመች። ያን ቀን በሩ ሲዘጋ ቋጠሮ ውስጥ ሆኖ ምን ተሰምቶት ይሆን ብላ ስንት ዓመት አስባለች። ደስ ብሎት ይሆናል እያለች ነበር የምትጠላው። አሁን እሷም ከተዘጋ በር ጀርባ ሆና ስታየው ምንም የሚሰማ ነገር የለውም፤ ይሰለቻል፣ በቃ። ይህ ደግሞ የባሰ አበገናት።

አራት ሰዓት ሊሆን ሲል ባልየው በሩን አንኳኳ። መርፌ ጆሮዋን ቀጥ አደረገች። አሁን ይለምናል፣ አሁን ያለቅሳል ብላ።

«እዚያ እንዳለሽ አውቃለሁ» አለ ሰውየው ከውጭ። «ልለምንሽ አልመጣሁም። ከቀረች እንዳትለምናት ብላ አስምላኛለች። ደህና መሆንሽን ብቻ ልጠይቅ ነው፤ መርፌው ያማል ሲሉ ሰምቼ።»

መርፌ ከጠረጴዛው ዘላ ወረደች። በሩን በርግዳ ከፈተችው። «አትለምናት አለች? ማን ስለሆነች ነው የማትለምነኝ?» ሰውየው አፉን ሳይከፍት ታክሲ ይዛ ሄዳለች። ልትሰጥ እንዳይመስላችሁ። ሃያ ሰባት ዓመት የጠበቀችውን ልመና ከእህቷ ከራሷ አፍ ልትሰማ ነው።

ትልቋ መስተዋት በተገጠመለት ክፍል ውስጥ ነበረች። ሰው አይገባባትም፤ የሚነጋገሩት ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ስልክ ነው። ፀጉሯ የለም፣ ቅንድቧ የለም፣ ፊቷ አመድ መስሏል። መርፌን ስታያት እጀታውን ለማንሳት ሁለት ጊዜ ሞከረች።

«መጣሽ?» አለች።

«ለምን እንደማትለምኚኝ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።»

«ብለምንሽ ትሰጪኝ ነበር?»

«ሞቼ ነው!»

«ታዲያስ።»

መርፌ መስተዋቱ ላይ ተጠጋች። «ስሚኝ። ስፈርም ጀምሬ ልቀር ነበር ያሰብኩት። ያንቺን እስኪያጠፉት ጠብቄ። ገባሽ? ልገድልሽ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች ትልቋ። «ባሌ ፈገግ ብላ ፈረመች አለኝ። አባዬም ያን ቀን ጎማው ፈንድቷል በያት ሲለኝ ፈገግ ብሎ ነበር።»

«እያወቅሽ መድኃኒቱን አስጀመርሽ?»

«ወረቀቱን ለኔም አሳይተውኛል።» ትንፋሽ አጥሯት ቆመች። «የምንገጥመው በሱ በኩል ነው። በዚያ በኩል እንደማትመጪ አውቃለሁ፣ እኔም ብሆን አልመጣም። አንቺ ግን ሌላ በኩል አለሽ። እኔ የለኝም፤ እናቴን አላውቃትም። ያንቺን ነው የማውቃት። ሱቁን ስታጸዳ ሰባት ዓመቴ ነበር። አባዬ እንዳያይ ባንኮኒው ሥር ተቀምጠን ከምሳዋ ታጎርሰኝ ነበር። በሷ ተማምኜ ነው።»

«ያቺን ሴት ነው በር ዘግተሽ የገደልሻት!» መርፌ ጮኸች። ኮሪደሩ ላይ ያሉ ሰዎች ዞሩ።

«አዎ» አለች ትልቋ። «ጎማው ደህና ነበር። አውቅ ነበር።»

«ይቅርታ እንኳ አትይኝም?» አለች መርፌ።

«አሁን ብልሽ መቅኔውን ፈልጋ ነው ትያለሽ። ከዳንኩ እጠይቅሻለሁ።»

መርፌ ስልኩን ግድግዳው ላይ አጋጨችው። ያዘጋጀችው ስድብ ሁሉ፣ አንዱም የሚያርፍበት አላገኘም። ኮሪደሩ በቀኝ በኩል ወደ መውጫው፣ በግራ በኩል ወደ ደም መስጫው ይሄዳል። ለትልቋ ግድ ኖሯት ቢሆን ደግ ነበር፤ የላትም። ይቅር ብላት ቢሆን ያምርባት ነበር፤ አላለቻትም። ጥርሷን ነክሳ፣ ባለፈችባቸው ሰዎች ሁሉ ላይ እየተራገመች፣ በግራ በኩል ሄደች።

ነርሷ በሁለቱም ክንዶቿ ላይ ሰክታ፣ እንዳትንቀሳቀስ ነግራት፣ ማሽኑን አስነሣችው። ደሟ በአንዱ ቱቦ ወጥቶ በሌላው ይመለሳል፤ ከላይ የተሰቀለው ከረጢት ቀስ በቀስ ይሞላል። ትንሽ ቆይታ ቀና ስትል የመርፌ ፊት በእንባ ርሷል።

«አመመሽ እንዴ? ማሽኑን ላዘግየው?»

«አላመመኝም። ተናድጄ ነው።»

«በማን?»

«በእናቴ። ሃያ ሰባት ዓመት ለሷ ብዬ የያዝኩትን ነገር እሷው ራሷ አበላሸችብኝ።»

ነርሷ ግራ ገባት። «ውጭ ናቸው እንዴ? ላስገባልሽ?»

«ገብታለች» አለች መርፌ። ነርሷ ሶፍት አንሥታ ጉንጯን ጠረገችላት፤ ማሽኑም ሥራውን ቀጠለ።