የአይጥ ጦር

ወንድሜን ጋራዥ ውስጥ መዶሻ ይሉታል። የተጨማደደ የመኪና በር ቀጥቅጦ ያቃናል፤ ቤት ሲገባ ደግሞ ሚስቱን ይቀጠቅጣል። እንዲህ አፍርጬ ስናገር አፋቸውን የሚይዙ ዘመዶች አሉኝ። ይያዙ።

አንድ ቤት የምንኖረው አራት ነን፦ እሱ፣ ሚስቱ፣ እናታችንና ታላቅ እህቱ እኔ። ሚስቱ ከገባች ስንት ዓመቷ፣ ዛሬም ሙሽሪት ነው የምንላት። እኔ ሳሎን ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ፤ እሷ ቁልፍ ትተክላለች፣ ትተኩሳለች። ትልቁ የመቁረጫ ጠረጴዛዬ ግን እሁድ ከሰዓት የወንድሜ ነው። ጨርቄን ያነሳና ከጋራዡ ቀለም ቀቢ ጋር ካርታ ይጫወትበታል።

ካርታው የቁማር አይደለም። በየአንዳንዱ ላይ የተረት ፍጡር ተስሏል፤ ዘንዶ፣ ባለ አንድ ዓይን ግዙፍ፣ ክንፍ ያለው ፈረስ፣ ምኑ ቅጡ። ተጫዋቹ ከሰበሰበው መርጦ ስልሳ ካርታ ያዘጋጃል፤ ያንን እኛ ቤት ጦር ይሉታል። አንዱ ፍጡሩን ሲልክ ሌላው በራሱ ፍጡር ይከልላል። ካልከለለ ምቱ እሱ ላይ ያርፍና ነፍሱ ይቀነስበታል፤ ነፍሱ ያለቀበት ተሸነፈ። የወንድሜ ጦር ዘንዶ በዘንዶ ነው። ከመምታቱ በፊት ጠረጴዛውን በቡጢው ሁለቴ ያንኳኳና "የሚከልል አለ?" ይላል። ሕጉን ያወጣው እሱ ራሱ ነው። ሳይንኳኳ የመጣ ምት አይቆጠርም።

ይሄን ልማድ ቆይቶ ወደ ሚስቱ አመጣው። በሩን ወይ ግድግዳውን ኳ ኳ ያደርጋል፣ እየሳቀ "የሚከልል አለ?" ይላታል፣ ከዚያ ይመታታል። እናታችን ኳኳታውን ስትሰማ ከውስጥ ክፍል ሆና ሬዲዮኑን ከፍ ታደርጋለች። እኔ እጮኻለሁ፤ ጩኸቴን ግን ሠፈሩ ከለመደው ቆየ፣ ውሻ እንኳ አይነሳበትም።

ባለፈው ክረምት በጥፊ የግራ ጆሮዋን አደማው። ሐኪሙ ያ ጆሮ ከእንግዲህ አይሰማም፣ ቀኙም አንድ ምት ካገኘው ዕጣው ያው ነው አላት። አንጀቷን አስራ ከሰሰች። ፖሊሱ ቤት መጥቶ እናቴን ሲጠይቃት ግን "ወድቃ ነው" አለች። እኔ በዚያ ሰዓት ክር ልገዛ ወጥቼ ነበርና ያላየሽውን አትመስክሪ ተባልኩ። ክሱ ተዘጋ። መሄድ አትችልም ነበር ወይ ትሉኝ ይሆናል። ሄዳ ነበር። ወላጆቿ አማትሽ ወድቃ ነው ካለች ወድቀሽ ነው ብለው መለሷት። ከዚያ ወዲህ ሙሽሪት የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከዚህ ቤት አንድ ሰው እውነቱን እንዲናገርላት።

ወንድሜ የማይረቡ ካርታዎቹን የሚጥለው የእኔ የቁልፍ ቆርቆሮ ውስጥ ነው። አንድ ቀን ሙሽሪት ነጭ ቁልፍ ስትፈልግ አንዲት አይጥ መዘዘች፤ ቀጥላ ሌላ፣ ቀጥላ ሌላ። ቆርቆሮው የአይጥ ጉድጓድ ሆኖ አረፈው። ቁጭ ብለን ካርታዎቹ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበብን። አንዲት አይጥ ለብቻዋ ከንቱ ናት፣ ትንፋሽ ይገድላታል። ሌላ አይጥ አጠገቧ ስትቆም ግን ሁለቱም ይጠነክራሉ፤ ሦስተኛዋ ስትጨመር ይብስባቸዋል። የጎተራ አይጥ የምትባለው ደግሞ ስትሞት ከጦሩ ውስጥ ሌላ አይጥ ትጠራለች። ሙሽሪት ይህችን ካርታ ወደ መስኮቱ አስጠግታ ደጋግማ አነበበቻት።

ጦሩን መሥራት የጀመርነው ለጨዋታ ያህል ነው፤ ማንንም ያሸንፋል ብለን አይደለም። እኔ ለግርማ ሞገስ አንድ ግዙፍ ይኑረው ብዬ ሳስገባ አወጣችው። "አይጥ ብቻ፣ እትዬ" አለችኝ። ግዙፉ ያምር ነበር፤ ቢሆንም ጦሩ የእሷ ነው ብዬ ተውኩት። ቆርቆሮው ሲያልቅ ቀቢው ከቤቱ የተረፉትን አይጦች አመጣላት። ከሸሚዝ ቁራጭ ትንሽ ከረጢት ሰፋሁለት። ወንድሜ ሥራ ሲሄድ፣ ዩኒፎርሙን ገፋ አድርገን እንጫወት ነበር። ስታሸንፈኝ አፏን በእጇ ሸፍና ትስቃለች፤ ለካ ጥርሷ እንዲህ ያምር ኖሯል።

ያን እሁድ ሙሽሪት ጥግ ላይ ቆማ ለሰኞ የሚደርስ ሸሚዝ ትተኩሳለች። ቀቢው ደጋግሞ ሲሸነፍ ሰለቸውና እስቲ ሙሽሪት ትግጠምህ አለ። ወንድሜ አፉን ሞልቶ ሳቀና ተቀመጪ አላት። ካውያውን ሳታጠፋ መጥታ ተቀመጠች። ከረጢቱን ያቀበልኳት እኔ ነኝ። መዶሻ በአይጥ ሲበላ ማየት አምሮኝ ነበር፤ የሚከተለው አልታየኝም።

አይጦቹ ሲወጡ ቀቢው በሳቅ ፍርስ አለ። ወንድሜ ዘንዶውን ላከና አንኳኳ። ሙሽሪት "አለ" ብላ አንዲት የጎተራ አይጥ ገፋ አደረገች። አይጧ ሞተች፤ ሌላ ጠራች። እንደገና አንኳኳ። ያችም ሞተች፤ ሌላ ጠራች። ቆሽቱ አረረና ዘንዶዎቹን በሙሉ ባንዴ ላካቸው። ነፍሷን ሊጨርሰው ጥቂት ቀረው። የተላከ ፍጡር ግን ደክሞት ይጋደማል፣ እስከሚቀጥለው ተራ አይከልልም። ዘንዶዎቹ ጠረጴዛው ላይ ተዘርረው፣ የእሷ አይጦች ከዳር እስከ ዳር ተሰልፈው ቀሩ።

ሙሽሪት በጣቷ አንጓ ቀስ ብላ አንኳኳች። "የሚከልል አለ?" አለች።

ወንድሜ በተጋደሙት ዘንዶዎቹ ላይ አፈጠጠ። "የለም በላ እንጂ" አለው ቀቢው፣ የሳቅ እንባውን እየጠረገ። ነገ ይሄን ለጋራዡ ሁሉ አወራለሁ ብሎ ጃኬቱን አንስቶ ወጣ።

ወንድሜ በሩ እስኪዘጋ ጠበቀ። ከዚያ ካርታውን በክንዱ ጠረገው፣ ፀጉሯን ጨብጦ ፊቷን ከጠረጴዛው ጋር አላተመው። ቀና ሲያደርጋት አፍንጫዋ ተጣሞ ደሙ አገጯ ላይ ይወርዳል። ካውያው ያለበት ጥግ ግድግዳው ላይ ወረወራት። ቀኝ ጆሮዋን በሁለት እጇ ሸፈነች። ውስጥ ሬዲዮኑ ከፍ አለ። ወንድሜ ጠረጴዛውን ኳ ኳ አደረገ።

"የሚከልል አለ?"

"አለ" አልኩና መሀላቸው ገባሁ። የመጀመሪያው ቡጢ ከንፈሬን ሰነጠቀው፣ ጥርሴ ምላሴ ላይ ወደቀ። ሁለተኛው ጎኔን አገኘኝ፤ የሆነ ነገር ቀጭ ሲል ሰማሁ፣ የስፌት መኪናዬን አቅፌ ወደቅኩ። ዕድሜ ልኩን የጮኸ አፌ ትንፋሽ አጣ። ወንድሜ ሳቀብኝ። እንደገና ኳ ኳ አደረገ።

"ሌላ የሚከልል አለ?"

ሬዲዮኑ ጠፋ።

እናታችን ጉልበቷን ካመማት ወዲህ ካለ ሰው ድጋፍ ከአልጋ አትወርድም። ግድግዳ ግድግዳውን ተደግፋ፣ በባዶ እግሯ መጣች። "አለ" አለችና ሙሽሪት ፊት ቆመች። ወደ ውስጥ ግቢ አላት፤ አልሰማችውም። ትከሻዋን ይዞ አሽቀነጠራት። ግንባሯ የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አረፈ፤ ነጭ ፀጉሯ ቀላ።

በዚህስ ይደነግጣል ብዬ ነበር። አልደነገጠም። ዓይኑ ደም ለብሷል። ልማድ ነውና ቡጢውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ። አንዱን አንኳኳ፤ ሁለተኛውን አልጨረሰም። ሙሽሪት እጇን ከጆሮዋ አንስታ ካውያውን ብድግ አደረገችና እጁ ላይ አወረደችው። በሁለት እጇ፣ በሙሉ ክብደቷ ተጫነችው።

"አለ" አለች።

ጮኸ። ሥጋው ሲጤስ ሸተተኝ፣ መሬት ላይ ሲንበረከክ አየሁት። ወንድሜ ነው፤ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩት ነው። ደስ አለኝ።

ጩኸቱን የሰማው ቀቢው ነው፤ ደጅ ቆሞ ሲጋራውን ሲያጨስ ነበር። ፖሊስ ጠራ። የመጣው ያው የክረምቱ ፖሊስ ሆነ። ወንድሜ እጁን ባልዲ ውሃ ውስጥ ነክሮ ሚስቴ አብዳ አቃጠለችኝ አለው። እኔ መመስከር ፈልጌ አፌ ደም ብቻ ተፋ። ሙሽሪት አልተከራከረችም፤ ሁለት እጇን አጋጥማ ለካቴናው ዘረጋችለት።

ፖሊሱ ካቴናውን እያወጣ እናቴን አያት። ወለሉ ላይ፣ በተበተኑት አይጦች መሀል ተቀምጣ ግንባሯን በዩኒፎርም እጅጌ ይዛለች።

"እማማ፣ እርስዎስ ወድቀው ነው?" አላት።

ወንድሜ ከባልዲው ቀና አለ። "እማዬ" አላት፣ በልጅነት ድምፁ። እናቴ ረጅም ጊዜ አየችው፤ እያየችው አለቀሰች።

"አልወደቅኩም" አለች። "እሷም ያኔ አልወደቀችም።"

ፖሊሱ ካቴናውን እንደያዘ ወደ ባልዲው ሄደ።