ቀኙን ብቻ

...ለምን ቀኙን ብቻ፣ ሐኪሙ ገና አልጠየቀም፣ ይጠይቃል፣ አሁን ልጅቷን በሆዷ አስተኝቶ ቀኝ እግሯን ከቁርጭምጭሚቷ ይዞ ቀስ እያለ ያጥፈዋል፣ ጉልበቷ ትንሽ ይሄድና ቀጥ፣ ከዚያ በላይ ሲገፋው ዳሌዋ ከአልጋው ብድግ ይላል፣ አክስትየው ግድግዳውን ተደግፋ ታያለች፣ አሥራ አምስት ዓመት ክትባት ክፍል ውስጥ የሠራች ነርስ፣ የገዛ እህቷን ልጅ፣ አብረው በሚኖሩበት ቤት፣ እንዴት ሳታየው ቀረች? አይታዋለች እንጂ። ስም ሁሉ አውጥታለታለች። ወታደሬ። ልጅቷ ወንበር ላይ ስትቀመጥ አንድ እግሯን ቀጥ አድርጋ ትዘረጋለች፣ ወታደሬ፣ ሰብስቢው እንጂ፣ ሰው ይደናቀፍብሻል፣ አትለግሚ፣ ቤቱ ይስቃል፣ ልጅቷም አብራ ትስቃለች። ሰባት ዓመቷ ነው።

ይቺ ጎድጎድ ያለች ቦታ ትታያችኋለች፣ ይላል ሐኪሙ ጣቱን ጭኗ ላይ አድርጎ፣ ከሥሯ ያለው ጡንቻ ጠባሳ ሆኖ ደርቋል፣ አልለጠጥ ስላለ ነው ጉልበቷ የማይታጠፈው፣ ራጁ ላይም የጉልበት ሎሚዋ ወደ ላይ ተስባለች፣ አጥንቷ ግን ደህና ነው፣ ለመሆኑ ሕፃን ሳለች ጭኗ ላይ መርፌ በብዛት ተወግታለች?

ጥያቄው መጣ።

እህቷ፣ የልጅቷ እናት፣ ትቀድማለች። በሁለት ወሯ ሳንባ ምች ይዟት ነበር ዶክተር፣ እኔ ራሴ ከወሊድ ሳልነሳ ታምሜ ተኝቼ ነበር፣ እዚያ ሆስፒታል ናቸው የወጓት፣ እጃቸው ይሰበር!

ነርሷ ግራ እጇን ጋዋን ኪሷ ውስጥ ትከታለች። ሆስፒታሉ የወጋት ሁለት ቀን ነው። እኔ እያለሁ ሕፃን ልጅ ምን ያመላልሳችኋል ያለችው ማን ሆነና፣ መድኃኒቱን በላስቲክ ይዛ ቤት የገባችው፣ አሥራ ስምንት ቀን፣ ጠዋትና ማታ፣ ግራኝ ናት፣ ሕፃኗን በቀኝ ክንዷ ታቅፋ በግራዋ ትወጋለች፣ እንዲህ ስትታቀፍ ግራ ጭኗ ከአክስትየው ሆድ ጋር ይጣበቃል፣ ቀኙ ከላይ፣ ዝግጁ። ዛሬ ቀኝ ነገ ግራ፣ አዳዲሶቹን ነርሶች ስንቴ ተቆጥታበታለች፣ ጆሯቸው እስኪደነቁር፣ ማታ ግን ወገቧ እየቆረጠ፣ ሕፃኗ ገና እንቅልፍ ወስዷት፣ ማን ያገላብጣታል፣ ነገ አፈራርቃለሁ። ነገ። በሳምንቱ ጭኗ ሲጠጥር በሙቅ ጨርቅ አሸት አደረገችና ከጎኑ ወጋች። አያምም የኔ ልጅ፣ አያምም። ሠፈሩ እጇ ቀላል ነው ይላታል፣ ደስ ይላት ነበር፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ በጣም ነበር ደስ የሚላት።

ሐኪሙ ይጽፋል። ሆስፒታል፣ ብሎ። ዝም ብትል ማን ያውቃል፣ ማንም፣ ሆስፒታሉ መጥቶ አይከራከራትም።

ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል፣ የተጣበቀውን እናላቅቃለን፣ ያጠረውን እናስረዝማለን፣ ትልቁ ሥራ ግን ከዚያ በኋላ ነው፣ ፊዚዮቴራፒ፣ ቤትም ውስጥ በየቀኑ፣ ለወራት፣ ብታለቅስም ጉልበቷን የሚያጥፍላት ሰው፣ ከተዘናጋችሁ ተመልሶ ይጣበቃል፣ ማን አለ ቤት?

ይቺ አለች አይደል፣ እህቴ፣ ትላለች እናትየው ፊቷ በራ ብሎ፣ ነርስ ናት፣ እጇ እኮ ቀላል ነው።

እኔ ነኝ።

አዎ፣ አንቺ።

እኔ ነኝ የወጋኋት፣ ሆስፒታል አይደለም፣ አሥራ ስምንቱንም ቀን፣ ቀኙን ብቻ፣ ማፈራረቅ እያወቅኩ፣ ደክሞኝ፣ ድምፁ የማን ነው እንዲህ የሚቀጥነው፣ የሐኪሙ እስክሪብቶ ይቆማል፣ እህቷ ታያታለች፣ ታያታለች፣ ምን አለ ብትጮህ፣ ምን አለ በጥፊ ብትላት፣ እህቷ ግን ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች።

ልጅቷ ከአልጋው ወርዳለች። አክስቴ፣ ማጠፉ ያማል?

አያም... አፏ ላይ ነው፣ ለስንቱ ሕፃን ብላዋለች፣ ከንፈሯ ለብቻው ያውቀዋል።

ያማል፣ ትላለች አልጋው ጫፍ ላይ እየተቀመጠች።

ልጅቷ ታስባለች። ወታደር ነኝ አይደል፣ ትልና ካጠገቧ ተቀምጣ ቀኝ እግሯን አክስቷ ጭን ላይ ትጭናለች፣ እንደ ሁልጊዜው፣ የጫማዋ ክር ጋ ራሷ አትደርስማ፣ ነርሷ ግራ እጇን ከኪሷ ታወጣለች፣ ክሩ ይጠፋባታል፣ እንባው ነው፣ አንዴ ቀና ብላ እህቷን ታያለች፣ ተያት፣ አትንኪያት፣ ልትላት ነው፣ አሁን ትላታለች፣

አላለቻትም።