በወንዙ ላይ የታጠፈው መስመር

ፈድሊያ የአባቷን ቡና ከሰማይ ያየችው በ1978 ክረምት፣ ጅማ ቢሮዋ ውስጥ ተቀምጣ ነው። ከደን ካርታ ሠራተኞች መካከል የየቡ አገር ልጅ እሷ ብቻ ስለነበረች በአውሮፕላን የተነሳው የየቡ ዙሪያ ፎቶግራፍ ለእሷ ተሰጣት። ጥንድ ፎቶዎችን ጎን ለጎን አድርጋ ለዚሁ በተሠራው መነጽር ስታያቸው ዛፎቹ ከወረቀቱ ብድግ ይላሉ። ሥራዋ የሚከለለውን የተፈጥሮ ደን ከእርሻው ለይታ በቀይ እርሳስ ማስመር ነበር።

ችግሩ ቡናው ነው። በዋንዛና በሰሳ ጥላ ሥር ያለ ቡና ከላይ ሲታይ ደን እንጂ ሌላ አይመስልም፤ ቦታው ድረስ ሄዶ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ያን ክረምት ግን መንገዱን ጎርፍ ቆረጠው፣ ካርታውም በአስቸኳይ ተፈለገ። ኃላፊዋ ጓድ ደምመላሽ የአገሩ ልጅ ስለሆነች የምታውቀውን እንድታሰምር ነገራት።

ወንዙ ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ። ከወንዙ ወዲህ የአባቷ ቡና ነው፤ ከወዲያ የጎረቤታቸው የእትዬ ዘይቡ። እትዬ ዘይቡ ባላቸው የሞቱባቸው፣ የፈድሊያ እናት ታማ በተኛችበት ዓመት ፈድሊያን ከልጆቻቸው ጋር ያበሉ ሴት ናቸው። መስመሩን ለሁለቱም ብታጠፈው ጎልቶ ይታይና ጥያቄ ያስነሳል። ትንሿን እጥፋት ግን ማንም ልብ አይላትም። በአባቷ ቡና ዙሪያ አጠፈችና ወንዙን ይዛ ቀጠለች። የእትዬ ዘይቡ ቡና ደን ሆኖ ቀረ።

በኅዳር፣ ቡናው ሲቀላ፣ የደን ጠባቂዎች መጥተው የጥላ ዛፎቹን ለወሰን ምልክት ቀለም ቀቡ፤ እትዬ ዘይቡንም ከእንግዲህ ወደ ቡናቸው እንዳይገቡ ከለከሏቸው። ፈድሊያ ለመውሊድ አገር ቤት ስትመጣ እትዬ ዘይቡ ገና ሳታርፍ ደረሱ፤ ጉንጯን ስመው አጠገቧ ተቀመጡ።

"ልጄ፣ አንቺ የምትሠሪው ከነሱ ጋ ነው። ቡናዬን ደን ነው ያለውን ሰው ታውቂው ይሆናል። ክፉ ሰው አይመስለኝም፤ ተሳስቶ ነው። እስቲ ንገሪልኝ።"

ፈድሊያ እጠይቃለሁ አለች። ፊቷ እንደ እሳት ነደደ፤ ቀና ብላ ልታያቸው አልቻለችም።

አባቷ ቲጃኒ በር ላይ ሆነው ይሰሙ ነበር። ሴትዮዋ ሲሄዱ ገቡ።

"ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ከላይ ሲታይ የእኔና የዘይቡ ቡና ይለያል?"

"አይለይም፣ አባ።"

ሽማግሌው በየገበያው ልጄ መሬቱን ከሰማይ ታያለች እያሉ ሲኩራሩ ነበር የከረሙት። "አሁን እኔ ዘይቡን በየትኛው ዓይኔ ልያት?" አሉና ወደ ጓሮ ወጡ።

ፈድሊያ ጅማ ተመልሳ ለደምመላሽ ሁሉንም ነገረችው። ፊቱ ገረጣ። ካርታው ወደ ላይ መሄዱን፣ እሱም ሳያይ እንደፈረመበት፣ ይህ ከተሰማ ሁለቱም አሻጥረኛ ተብለው እንደሚታሰሩ ነገራትና ዝም እንድትል ለመናት። ቢሮው ውስጥ ዝም አለች። ይህም ሌላ እፍረት ሆነባት።

ለእትዬ ዘይቡ ግን ራሷ ሄዳ ተናገረች። ሴትዮዋ አላለቀሱም፣ አልተራገሙም።

"ስታሰምሪ ቤቴ ይታይሽ ነበር?"

"ቆርቆሮው ያበራ ነበር" አለች ፈድሊያ።

እትዬ ዘይቡ ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሱ።

አባቷ ቡናቸውን እኩል ከፍለው ግማሹን ለጎረቤታቸው ሰጡ። እትዬ ዘይቡ መጀመሪያ እንቢ አሉ፤ ኋላ ስለ ልጆቻቸው ሲሉ ተቀበሉ። ካርታው ሳይታረም ዓመታት አለፉ። ፈድሊያ በየመኸሩ ፈቃድ ወስዳ ከእትዬ ዘይቡ ጋር ቡና ትለቅማለች። ሰላምታ አይነፍጓትም። ግን ልክ ለመንግሥት ሰው እንደሚባለው "እንዴት ዋሉ? ሥራ እንዴት ነው?" እያሉ አንቱ ይሏታል። እሷም አልሐምዱሊላህ ብላ፣ አንገቷን ደፍታ ትለቅማለች።