የባላንጣህን ቃል ተናገር

በ1959 ዓ.ም. ጥር ወር መጨረሻ ላይ ፈዬራ ጠዋት፣ ባይሳ ከሰዓት በኋላ ይማሩ ነበር። የጠዋቱ ፈረቃ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ያበቃል፤ የከሰዓቱ ሰባት ሰዓት ከአሥር ላይ ይጀምራል። በመካከሉ አርባ ደቂቃ አለ። ፈዬራ በኋላ በር ወጥቶ በእርሻው ጥግ ይሄዳል፤ ባይሳ በፊት በር ይገባል። ይህን ያደራጀነው የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ኦቦ ጉደታና እኔ ነን። እኔ ባዮሎጂ አስተምር ነበር፤ የፈረቃ ድልድሉም በእጄ ነበር። ትምህርት ቤቷ ከአምቦ ወደ ጉደር በሚወስደው መንገድ ዳር በነዋሪው መዋጮ የተሠራች፣ ስድስት ክፍል ብቻ ያላት ነበረች።

ሁለቱን መለየት ያስፈለገን በደም ምክንያት ነው። ኅዳር 10 ቀን፣ ቅዳሜ፣ የፈዬራ ታላቅ ወንድም የባይሳን ታላቅ ወንድም ፈይሳን ጉደር አጠገብ ማሳ ላይ በዱላ ገደለው። አስከሬኑ ሲታጠብ ነበርኩ። አንደኛው ቁስል ከግራ ቅንድብ በላይ ነው። ሁለተኛው ከራስ ቅሉ በስተኋላ ነው። ሁሉም ሰው «አንድ ጊዜ መታው፤ ሲወድቅ ድንጋይ አገኘው» ይል ነበር። የኋላው ቁስል ረጅምና ቀጥ ያለ ነበር፤ ድንጋይ እንዲህ አይተረትርም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ገዳዩ ወደ ወንጪ ሸሸ። ሽማግሌዎች፣ ኦቦ ጉደታም አንዱ ነበሩ፣ ደሙን ለማድረቅ ጉማ የተባለውን የደም እርቅ ያዙ። በጉማ ሥርዓት ከሟች ወገን ወደ ገዳይ ወገን የሚመላለሱት ሽማግሌዎቹ ብቻ ናቸው። ወገኖቹ ራሳቸው እርቁ እስኪወርድ ዓይን ለዓይን አይተያዩም፤ ከአንድ ምንጭም አይጠጡም። ከተያዩ የሟች ወገን ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም። የእርቁ ቀን ለመጋቢት 10 ተቆርጦ ነበር። እስከዚያ ድረስ ፈዬራ ከባይሳ ዓይን ከራቀ በሕይወት ይኖራል። ሁለቱም ሃያ ዓመት የሞላቸው፣ ዘግይተው ትምህርት የጀመሩ ጎረምሶች ነበሩ።

ውባየሁ ግብረ ገብ ሊያስተምር በመስከረም ከአዲስ አበባ መጣ። ከእኔ ጋር አንድ ቤት ተከራየን። ክፍል በገባ በመጀመሪያው ሳምንት የታዘዘለትን መጽሐፍ ዘግቶ ሰሌዳውን ለሁለት ከፈለው። በአንዱ በኩል «ምዕራብ» ብሎ የደረሰባቸውን ሁሉ ሳይናወጡ የሚችሉትን ስቶይኮች፣ ተጠራጣሪዎችን፣ ደስታ ፈላጊዎችን ጻፈ። በሌላው «ምሥራቅ» ብሎ ታኦን፣ የቻይናን የሥርዓት ትምህርት፣ ሕይወት ያለውን ሁሉ አለመጉዳት የሆነውን የህንድ አሂምሳ ጻፈ። ተማሪው ዕጣ ያወጣል፤ የደረሰውን ትምህርት ሳምንቱን ሙሉ ይኖረዋል።

ውጤቱን እመዘግብ ነበር። ደስታ ፈላጊነት የደረሳቸው ሁለት ልጆች በትምህርት ሰዓት ጠጅ ቤት ተገኝተው ተገረፉ። ንዋይ የሚባል ተጠራጣሪ ለሒሳብ መምህሩ «የቤት ሥራ መሰጠቱን በምን አረጋግጣለሁ?» ብሎ መዳፉ እስኪደማ ተመታ። በሚቀጥለው ሳምንት ንዋይ አሂምሳ ደረሰው። ጓደኞቹ ከውሃ ቧንቧው ጀርባ ወስደው «አሂምሳ ነህ አይደል? ቻለው!» እያሉ ተራ በተራ በጥፊ አጮሉት። እስከ አሥራ አንደኛው ቻለ። አሥራ ሁለተኛውን የሰነዘረውን ልጅ በግንባሩ ገጭቶ ሁለት ጥርሱን አወለቀው። ውባየሁ ይህን ሰምቶ እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ለንዋይ ለአሥራ አንዱ ማርክ ሰጠው።

ከሁሉ የሚወደው ግን የዓርቡን ክርክር ነበር። የክርክሩ ሕግ በካርቶን ተጽፎ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፦ «የባላንጣህን ቃል ተናገር።» ተማሪው የራሱን ሐሳብ ከማቅረቡ በፊት የተቃራኒውን ሐሳብ «እኔ» እያለ መናገር አለበት። ሲጨርስ ባላንጣው የጎደለ ካለ ይሞላል፤ ከሌለ «አመሰግናለሁ» ይላል።

በጥር መጨረሻ ውባየሁ የሁለቱን ፈረቃ ተማሪዎች በአንድ ክርክር ላገናኝ ነው አለ። ኦቦ ጉደታ ዱላቸውን ይዘው መምህራን ክፍል ድረስ መጡ።

«መምህር፣ እነዚህን ሁለት ልጆች አንድ ክፍል አያስገቧቸው።»

«ኦቦ ጉደታ፣ ሰው ሦስት ወር ሙሉ እየተሸሸገ ይማራል? አንድ ቀን እንኳ አልተነጋገሩም እኮ።»

«ይነጋገራሉ። በእኛ አፍ።»

«በእናንተ! እነሱ አፍ የላቸውም?»

«አላቸው። እጅም አላቸው።»

ማታ እራት ላይ እኔም «ውቤ፣ ይቅርብህ» አልኩት።

«አንተ እንቁራሪት የምትሰነጥቀው ውስጧን ለማየት አይደለም?»

«እንቁራሪቷ ትሞታለች።»

«እነዚህ እንቁራሪት አይደሉም። የሚያስቡ ሰዎች ናቸው። በል፣ አንተ ሰዓት ትይዛለህ።»

ከዚህ በላይ አልተከራከርኩትም። ሰዓት ልይዝም ተስማማሁ።

በማስታወቂያው ላይ የሰው ስም አልነበረም፤ «ስቶይኮችና አሂምሳ፤ የተበደለ ሰው ምን ያድርግ?» ብቻ ይላል። ያልመጣ አምስት ማርክ ይቀነስበታል። ስቶይክነት ለባይሳ፣ አሂምሳ ለፈዬራ በየፈረቃቸው ደርሷቸው ነበር። ፈዬራ ሳምንቱን ሙሉ ጉንዳን እንዳይረግጥ እያጎነበሰ ሲሄድ ልጆቹ «ምን ጠፋህ?» እያሉ ሲያላግጡበት ከርመዋል። ሥጋ አልቀመሰም፤ ሐሰት አልተናገረም።

የካቲት 3 ቀን፣ ዓርብ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልሳ አራት ተማሪዎች ለአርባ በተሠራ ክፍል ውስጥ ተጨናንቀው ነበር። ባይሳ መጨረሻ ላይ መጣ። ፈዬራን ሰሌዳው አጠገብ ቆሞ ሲያየው በሩ ላይ ቀጥ አለ። ከኋላው የነበረ ልጅ «ግባ እንጂ፣ ስቶይኩ!» ብሎ ገፋው። ክፍሉ ሳቀ። ባይሳ ገባ። ኦቦ ጉደታ ከጓሮ እየሮጡ ሲመጡ በመስኮት አየኋቸው። ውባየሁ በሩን ዘግቶ መወርወሪያውን ወረወረው።

የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ደቂቃዎች ሰላም ነበሩ። ባይሳ አሂምሳን፣ ፈዬራ ስቶይኮችን አስረዱ። እርስ በርስ ሳይተያዩ ሰሌዳውን እያዩ ተናገሩ። ሁለቱም «አመሰግናለሁ» አሉ። ከዚያ ውባየሁ ጠመኔውን አስቀመጠ።

«ይህ የመጽሐፍ ነበር። አሁን ወደ ኑሮ እንምጣ። ባይሳ፣ አንተ የፈዬራ ወንድም ነህ። ኅዳር 10ን ንገረን።»

«ሰር፣ ይህስ አይሆንም» አለ ፈዬራ።

«ለምን? ስትፈራ ሦስት ወር ሆነህ። ዛሬ ይለቅህ።»

ባይሳ ዓይኑን ከሰሌዳው ሳያነሣ ጀመረ።

«በሬዬ የፈይሳ ጤፍ ውስጥ ገባ። በሬዬን በድንጋይ መታብኝ። ሰደብኩት። እናቴን ሰደበ። ዱላ በእጄ ነበር። ላስፈራው እንጂ ልገድለው አላሰብኩም። አንድ ጊዜ መታሁት። ወደቀ፤ ድንጋይ አገኘው። ደሙን ሳይ ሮጥኩ። አሁን ወንጪ ገደል ውስጥ ነኝ። እሳት አላነድም፤ ጭሱን ያዩብኛል። ስተኛ ፈይሳ መጥቶ አጠገቤ ይቀመጣል።»

አራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ተናገረ። ከተማሪዎቹ የሚያለቅሱ ነበሩ። የውባየሁም ዓይን እንባ ሞልቶ ነበር። ወደ እኔ ዞሮ «አየህ?» በሚል ዓይን አየኝ። እኔም ለአፍታ ትክክል እሱ ነው ብዬ አምኜ ነበር።

«ፈዬራ፣ የጎደለ አለ?»

ፈዬራ ወለሉን አየ። የላይኛው ከንፈሩ በላብ ረጥቧል።

«አለ» አለ። «ድንጋይ አልነበረም።»

«ምን ማለት ነው?» አለ ባይሳ። ከገባ ጀምሮ ፈዬራን ቀና ብሎ ያየው ያኔ ነው።

«ከወደቀ በኋላ ደገመው። በደረቱ ተደፍቶ ነበር። ልይዘው ሮጬ ነበር፤ አልደረስኩም።»

«ተደፍቶ?»

«ተደፍቶ።»

የሰሌዳ ኮምፓሱ ጥግ ላይ ቆሞ ነበር፦ አንድ ክንድ ከስንዝር የሚሆን እንጨት፣ ጫፉ ላይ የጣት ርዝመት ያለው ብረት። ባይሳ በሁለት እርምጃ ደረሰበት። የመጀመሪያው ምት ፈዬራን ከአንገቱ በስተቀኝ፣ ከአጥንቱ በላይ አገኘው። ሁለተኛውን ውባየሁ በእጁ ሊከላከል ሞከረ፤ ብረቱ መዳፉን በስቶ ወጣ። ባይሳ መንጭቆ ሲያወጣው የውባየሁ ጅማት አብሮ ተጎተተ። ሦስተኛው የፈዬራ ደረት ላይ አረፈና እንጨቱ ተሰበረ። ከዚያ ባይሳ በስባሪው ደበደበው፤ አምስት ወይም ስድስት ጊዜ። ይህን በትክክል አልቆጠርኩም።

ተማሪው በመስኮት ተንጋጋ። አንዲት ልጅ መስታወት ክንዷን ከፈለው። በሩ ከውጭ ይደለቃል፤ ኦቦ ጉደታ «ላኪ! ላኪ!» እያሉ፣ ተው ተው እያሉ ማለት ነው፣ በኦሮምኛ ይጮኻሉ። በመጨረሻ መወርወሪያው ተነቅሎ ወደቀ። ሽማግሌው ባይሳን ከኋላው አቅፈው ከወለሉ ጋር አጣበቁት። ባይሳ አልታገላቸውም። «ተደፍቶ ነበር፣ ኦቦ፤ ተደፍቶ» ይል ነበር።

እኔ አውራ ጣቴን የፈዬራ አንገት ቀዳዳ ውስጥ አስገብቼ ደም ሥሩን ፈለግሁ። ደሙ በጣቴ ዳር በልብ ምቱ ልክ ይፈናጠር ነበር። «አመሰግናለሁ ማለት ነበረብኝ?» አለኝ። ዝም እንዲል ነገርኩት። የልብ ምቱን በሌላው እጄ ቆጠርኩ፤ በደቂቃ መቶ አርባ ነበር። ጭነት መኪና አስቁመን ወደ ከተማ ስንሄድ መቶ ስልሳ ደረሰ። ከዚያ ጣቴ ሥር የሚመታ ነገር አጣሁ። ዘጠኝ ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ነበር።

በማግስቱ ፖሊስ ጣቢያ ደጃፍ ላይ ኦቦ ጉደታን አገኘኋቸው። የፈይሳን ሁለት ቁስል ማየቴን፣ መደበቄንም ነገርኳቸው።

«እኛም እናውቃለን» አሉ። «ገዳዩ ራሱ ነግሮናል። መጋቢት 10 እጁ ታስሮ፣ የሟች ወገን መሣሪያውን መሬት ካስቀመጠ በኋላ፣ እሱ ራሱ ሊናገረው ነበር። ከዚያ በፊት ማንም እንዳይናገረው ነው ስንመላለስ የከረምነው።»

«ለውባየሁ ይህን ለምን አልነገሩትም?»

«አፍ የላቸውም ወይ አለኝ። ምን ልበለው?»

መጋቢት 10 ቀን ማንም ለእርቅ አልመጣም። ባይሳ ታሰረ። በሚያዝያ የፈዬራ አጎት የባይሳን አባት ጉደር ድልድይ ላይ በጥይት ገደለው፤ በዚያው ሳምንት የአጎትየው ቤት ከነልጁ ነደደ። ውባየሁ ወደ ሌላ አገር ተዛወረ፤ የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች አይታጠፉም ነበር። ጉማው የተቋጨው በጥር 1963 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ከሁለቱ ቤተሰብ ፈይሳንና ፈዬራን ጨምሮ የሞቱት ሰባት ናቸው፤ አምስቱ የሞቱት ከዚያ ዓርብ በኋላ ነው።