አባባን ያነሳው ሰው

በዚያ ቤት ኪሱ ያልተፈተሸ ልብስ ውኃ አይነካም። ሴትየዋ ላውንድሪውን ከከፈተች ጀምሮ ሕጓ ይኸው ነው። ከሰው ኪስ ያላወጣችው ነገር የለም፤ የቤት ቁልፍ፣ ስቴኪኒ፣ የሐኪም ማዘዣ፣ አንድ ጊዜ እንዲያውም ሰው ሠራሽ ጥርስ። ጎሚስታው ባሏ በዚህ የተነሳ «ጉምሩክ» ብሎ ስም አወጣላት። ሠፈሩ ስሙን ወደደውና እናቷ ያወጣችላት ስም ተረሳ። እሷም አልከፋትም። ጉምሩክ ማለት ሳያይ የማያሳልፍ ማለት ነው፤ እሷም ሳታይ አሳልፋ አታውቅም።

ያን ቀን የአባቷን ኮት አንስታ የግራ ኪሱን ገለበጠች፤ መሐረብ። የቀኙን ገለበጠች፤ ባዶ። የውስጥ ኪሱ ውስጥ እጇን ስትሰድ ግን ወፈር ያለ ፖስታ ነካች። ፎቶ ቤት የሚሰጠው ዓይነት ፖስታ ነው። ይኼ ብቻውን ምንም አይደለም፤ አባባ ፎቶ ሲያነሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ያስደነገጣት የውስጡ ነው። በሁሉም ፎቶ ላይ ያሉት ራሳቸው አባባ ናቸው።

በአንደኛው ከዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። በሌላው የብረት አጥር ተደግፈዋል። በሦስተኛው ደግሞ መስኮት አጠገብ ብርጭቆ ይዘው፣ የተነቀለ መንጋጋቸው ቦታ እስኪታይ ድረስ አፋቸውን ከፍተው ይስቃሉ። መስኮቱ አረንጓዴ መጋረጃ አለው። ጉምሩክ የሠፈሩን መጋረጃ በሙሉ በእጇ አሳልፋለች፤ ይኼን መጋረጃ ግን አታውቀውም። ሸሚዙን ግን ታውቀዋለች። ባለ መስመሩ ነው፤ ሁለተኛው ቁልፍ ከወለቀ ሰንብቷል፤ ዛሬ ነገ እሰፋዋለሁ ስትል ነበር። አግዳሚው ወንበር ላይ በተነሱት ቁልፉ የለም። መጋረጃው አጠገብ በተነሱት ግን ተሰፍቷል።

«ታዲያ ማነው ያነሳቸው?» አለች ብቻዋን፣ ማሽኑ ከጀርባዋ እያጓራ።

አባባ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። የፎቶው አባዜ ግን ከመሪውም ከትዳሩም በፊት የያዛቸው ነው። ልጅ ሆና እሷንና እህቷን ከእናታቸው ጋር ግድግዳ ሥር ያሰልፉና ፀሐይን ከራሳቸው ጀርባ አድርገው «ዓይናችሁን እንዳትከድኑ» ይሏቸው ነበር። ፀሐይ ፊት ለፊት እየወጋ ዓይን እንዴት አይከደን? እናቷ ከሞተችና አባባ ልጃቸው ቤት ከገቡ ወዲህ ደግሞ ባሰባቸው። ገመድ ላይ የተሰጣ አንሶላ ያነሳሉ። የካውያ እንፋሎት ያነሳሉ። ጎሚስታውን አንዱን ጎማ ሦስቴ እያሸከሙ «አሁንም አልመጣልኝም» ይሉታል። ልብሱን ሊወስድ የመጣ ደንበኛ «አንዴ ቀና በል እስቲ» ይባልና ሳያስበው ተነስቶ ይሄዳል።

አሮጌው ካሜራቸው እንደ ጡብ የሚከብድ፣ የቆዳ ልብስ ያለው ነው። ብርሃን መለኪያው ከሞተ ዘመን ሆኖታል። ሰማዩን አይቶ፣ ገምቶ፣ ሁለት ቀለበት አዙሮ ነው የሚነሳበት፤ ከሳቸው በቀር ማንም አይችለውም። እሱ እያለ ነው በቅርቡ «ጉልበቴን ልታይ ክሊኒክ ልሂድ» ብለው የወጡት ሰውዬ ካርቶን ታቅፈው የገቡት። አዲስ ካሜራ።

«ያኛው ምን ሆነ?» አለቻቸው።

«አረጀ።»

«እርስዎስ?»

ሳቁና ካርቶኑን መፍታት ያዙ። ያኔም ነገሩ ሸቷት ነበር። ጉልበቱን ሊታይ የወጣ ሰው ካሜራ ይዞ አይገባም። ደግሞ ከዚያ በኋላ ጉልበታቸውን አሞኛል ብለው አያውቁም፤ ጫማቸውን እየወለወሉ በየሁለት ቀኑ መውጣት ሆነ።

ለምሳ ለመጣው ባሏ ፎቶዎቹን አሳየችው። በግራሶ እጁ ሊነካ ሲል እጁን መታችው። ከሩቅ አየና ሳቀ።

«ካሜራው ራሱ ነው እኮ የሚያነሳው። የዘንድሮ ካሜራ ሰዓት አለው። ትሞይዋለሽ፣ ሮጠሽ ትቀመጫለሽ፣ ያነሳሻል።»

«ማሽን ብቻውን ሰው ያነሳል?»

«ማሽን ብቻውን ልብስ ያጥብ የለ?»

ሆዷ ግን አልቆረጠላትም። የምትፈራውን ታውቀዋለች። እናቷ የሞተች ሰሞን እህቷ እኔ ዘንድ ይሁኑ ስትል አሻፈረኝ ብላ አባቷን ያመጣቻቸው እሷ ናት። የራሷ ልጆች አንድ በአንድ ቤት ሠርተው ወጥተዋል። አባባም ከሄዱ ያ የጓሮው ክፍል የሰው ልብስ መከመሪያ ሊሆን ነው። አንዲት ሴት መጥታ አባቷን ልትወስድባት ነው፤ ሌላ ነገር የለውም።

ፖስታውን ወደ ኪሱ መለሰች፤ ኮቱን ሳታጥብ ምስማሩ ላይ ሰቀለችው። አባባ ሲመለሱ ገና ከበሩ ላይ «ኮቴ ታጠበ እንዴ?» አሉ። ድምፃቸው ቀጠን አለ።

«አልደረስኩበትም» አለች፣ ከካውያው ቀና ሳትል።

ጀርባቸውን ሰጥተዋት ወደ ኮቱ ሄዱ፤ ደረቱን በመዳፋቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና ተነፈሱ። ደንበኛ ልብሱን የሚለካበት ትልቅ መስታወት ግን ፊት ለፊታቸው ነበር። ሠላሳ ዓመት በስፖኪዮ ሰው ሲያዩ የኖሩት ሰውዬ እሳቸውም በመስታወት ሊታዩ እንደሚችሉ ረሱ።

ራት ላይ ነገሩን በጎን አመጣችው። አዲሱ ካሜራ ብቻውን ያነሳል ይባላል፣ እውነት ነው ወይ ብላ ጠየቀች። አባባ ጉርሻቸውን ሳይውጡ ተነሱ። ስለ ካሜራ የጠየቃቸውን ሰው እንዲህ ነው የሚወዱት። የታጠፉ ፎጣዎች ከምረው ካሜራውን ላያቸው ላይ አስቀመጡ፤ አንዲት ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች፤ እሳቸው ወንበር እየገፉ ሮጡና ተቀመጡ። ቀጭ አለ። አነሳ። በካሜራው ጀርባ ባለችው ትንሿ መስታወት ላይ አባባ እንደ መታወቂያ ፎቶ ድርቅ ብለው፣ ዓይናቸውን ካሜራው ላይ ተክለው፣ መርፌ ሊወጋ የተሰለፈ ሰው መስለው ታዩ። ይድገሙት አለች። ደገሙት። ያው ድርቅ።

«ጉምሩክ ዛሬ ባዶ እጇን ገባች» አለ ባሏ። እሷም ሳቀች። ትንሽ ቀለል አላት።

በማግስቱ ጠዋት ግን ያ ድርቅ ማለታቸው ከነከናት። አባባ ሁልጊዜም ፎቶ ላይ እንዲህ ናቸው እንዴ? አልበሙን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረደችና ማገላበጥ ያዘች። እናቷ አለች፤ ቆማ፣ ተቀምጣ፣ ተቆጥታ። እህቷ አለች። እሷም አለች፣ ዓይኗን እንደከደነች። የልጆቿ፣ የጎማው፣ የአንሶላው፣ ሁሉም አለ። አባባ የሉም። ከዳር እስከ ዳር አገላበጠችው፤ የሉም። ያለው ጥላቸው ነው። ከፎቶው ሥር ይነሳና በመሬቱ ላይ ተጋድሞ የልጆቹ ጫማ ጋ ይደርሳል፤ ባርኔጣ ያለው፣ ክርኑን የከፈተ ጥላ። ስንት ዓመት ስታየው ኖራለች፤ ጥላ መሆኑን ግን ዛሬ ነው ያየችው።

ከዚያ አባባ ፊታቸውን ሲታጠቡ ጠብቃ ፖስታውን ደግማ አወጣች። የመጋረጃውን ፎቶ ወደ ብርሃን አስጠጋችው። አሁን ገባት። ትናንት ማታ አባባ ያዩ የነበረው ካሜራውን ነው። እዚህ ላይ ግን የሚያዩት ከካሜራው ከፍ ብሎ ነው፣ ልክ የሰው ፊት ሊኖር የሚገባው ቦታ። ሰው ለተከመረ ፎጣ እንዲህ አይስቅም።

ባለ መስመሩን ሸሚዝ ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች። አባባ አንሶላ ሊያነሱ ገመዱ ሥር ተንበርክከዋል፤ ያ የታመመ የተባለ ጉልበታቸው ምንም አላለም።

«አባባ፣ ይኼን ቁልፍ ማነው የሰፋው?»

«እኔ ነኛ።»

ቁልፉ ክሩ ተጠላልፎ መስቀለኛ ነው የተሰፋው። እሷ ትይዩ ነው የምትሰፋ። አልተከራከረችም። ከቀሚሷ ደረት ላይ መርፌ ነቀለች፣ ከኪሷ ክር አወጣች፣ ሁለቱንም ሰጠቻቸው።

«እስቲ ይችን ያስገቡልኝ፤ ዓይኔ እምቢ አለኝ።»

አባባ ክሩን በምራቃቸው አሾሉ። መርፌውን ወደ ሰማይ አነሱት። ቀዳዳውን ሳቱት። አራቁት፣ አቀረቡት፣ አንድ ዓይናቸውን ከደኑ። አሁንም ሳቱት። በመጨረሻ እጃቸውን ዝቅ አደረጉና ሳቁ፤ የተያዘ ልጅ ሳቅ።

«ማናት?» አለች።

ነገሯት። አውቶቡሳቸው ላይ ቲኬት ቆራጭ የነበረችው ናት። ጡረታ ሊቀበሉ በተሰለፉበት ተገናኙ፤ ወሬ ጀመሩ፤ ወሬው አላልቅ አለ። ጉምሩክ ሴትዮዋን ታስታውሳታለች፤ ልጅ ሆና የአባቷ አውቶቡስ ላይ ስትወጣ ኮስተር ብላ ጥጉን የምታሳያት አጭር ሴት።

«እማማ እያለች ነው?»

«እናትሽ እያለች ይቺ ሴትዮ አትወደኝም ነበር» አሉ አባባ። «ፍሬን ሲይዝ ተሳፋሪው እኔ ላይ ይወድቃል እያለች ለአለቃ ስትከሰኝ ነው የኖረች።»

ጉምሩክ ግማሹን አመነች። ግማሹን ለሌላ ቀን አስቀመጠችው።

«ካሜራውስ?»

አባባ የካሜራውን ክዳን በጣታቸው ያዞሩ ጀመር። «አልበሙን ወስጄ አሳየኋት። እስከ መጨረሻው አገላበጠችና፣ አንተ የታለህ አለችኝ። እዚህ ቤት ይኼን የጠየቀኝ የለም። እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም። አሮጌውን ደግሞ ከኔ ሌላ ሰው አይችልበትም። ማንም ተጭኖ የሚያነሳበት ያስፈልግ ነበር።»

እንዲህ አንጀቷን የበላት ነገር አልነበረም። ቁልፉንም እሷ አልሰፋችው፣ ይኼንንም እሷ አልጠየቀች። ቢሆንም ፊቷን አልፈታችም።

«ሊሄዱ ነው?»

«ቤቷ ሁለት ፌርማታ ነው።»

«ርቀቱን አልጠየቅኩዎትም።»

«ና ብላኛለች» አሉ ዝግ ብለው። «መልስ አልሰጠሁም። አንቺን ፈርቼ።»

ከገመዱ ላይ መቆንጠጫ እየነቀለች ኪሷ ውስጥ መክተት ጀመረች፤ አንሶላው ገና እርጥብ ነበር። ሁለት ሦስቱን ከነቀለች በኋላ፣ ወደሳቸው ሳትዞር፣ «እሑድ ያምጧትና እኛንም ታንሳን። እዚህ ቤት እርስዎ ያሉበት ፎቶ የለም» አለች።

እሑድ ቲኬት ቆራጯ መጣች። ዛሬም አጭር ናት፤ ጠፍጣፋ ጫማ አድርጋለች፤ ግቢው መሀል ላይ እንኳ እግሯን ከፈት አድርጋ ነው የምትቆመው፣ መሬቱ ድንገት ፍሬን ይይዝ ይመስል። ጉምሩክ በሆዷ «አንቺ» በአፏ «እርስዎ» እያለች ከኮሌታዋ እስከ ቀሚሷ ጠርዝ ፈተሸቻት። የካርዲጋኗ ቁልፎች ሁሉ መስቀለኛ ናቸው። ያልተፈተሸው ኪሷ ብቻ ነበር።

ሴትዮዋ ካሜራውን ተቀብላ አባባን፣ ልጃቸውንና ጎሚስታውን ግድግዳው ሥር አቆመቻቸው። ከዚያ በዚያ በጥንቱ ድምፅ «ወደ ውስጥ ጠጋ፣ ጠጋ በሉ፤ በሩ ላይ እንዳትቆሙ» አለች። አባባ አፋቸውን ከፍተው ሳቁ፤ የተነቀለው መንጋጋቸው ቦታ ታየ። አነሳቻቸው። ጉምሩክ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአባቷ ጎን ቆማ ተነሳች፤ ዓይኗንም አልከደነችም፤ ዓይኗ ሴትዮዋ ላይ ነበርና።

«በይ አሁን እኛን አንሺን» አሉ አባባ።

ጉምሩክ ካሜራውን ተቀበለች። ተጫነች። ትንሿ መስታወት ላይ አባባ ሙሉ ሆነው ወጥተዋል፤ ከሴትዮዋ የገባው አንድ ትከሻና ጆሮ ብቻ ነው። ሁሉም አጎንብሰው አዩ።

«እጄ ስቶ ነው» አለች ጉምሩክ። ባሏ ግቢው ጥግ ወዳለው ጎማ ዞሮ ሳል ያዘው።

ቲኬት ቆራጯ አልተቆጣችም። «ቦታ ካልበቃ ቆሜ እሄዳለሁ፣ ለምጄዋለሁ» አለች። «ድገሚው፣ ልጄ።»

ጉምሩክ ካሜራውን ዝቅ አደረገች። ከጠዋት ጀምሮ የያዘችው ጥያቄ ያን ጊዜ ወጣ።

«አባባ እርስዎ ጋ ሲሄዱ ሸሚዛቸውን ማነው የሚያጥብላቸው?»

«ሌላ ማን ያጥባል? አንቺ ነሻ» አለች ሴትዮዋ። «እኔ እንደሆንኩ ካውያ ከነካሁ አንድ ነገር ሳላቃጥል አልመለስም። በየሳምንቱ ተሸክሞ ይመጣል። ጉልበቱ ደህና ነው።»

ጉምሩክ ይኼንንም ገለባብጣ ፈተሸችው። የተደበቀ ነገር አላገኘችበትም። ገና ታየዋለች። ካሜራውን ወደ ፊቷ አነሳችና ተጫነች።

በዚህኛው ሁለቱም ሙሉ በሙሉ ገብተዋል። አባባ የሚያዩት ከካሜራው ከፍ ብሎ ነው፣ ልጃቸውን። በቀኝ በኩል፣ ጥጉ ላይ ግን፣ ውኃና ሳሙና ያሻከራት የጉምሩክ አውራ ጣት ተደንቅራለች።

«ተበላሸ፤ ላጥፋውና እንደገና አንሺን» አሉ አባባ፣ ጣታቸውን ወደ ቁልፉ እየሰደዱ።

እጃቸውን ያዘችው።

«ይተዉት» አለች። «እንዳያጠፉት። እኔም አለሁበት።»