የተቆረጠው ሹሩባ

ዊልፍሬዶ ለጦር አካዳሚ በሚፈተንበት ጠዋት እናቱ ዶኛ ሳቱርኒና ከጓዳ ስትወጣ ሲያያት ደሙ ፈላ። ዕድሜዋን ሙሉ የለበሰችው የአይማራ ባላገሮች ሰፊ ቀሚስ የለም፤ ጠባብ የከተሜ ቀሚስ ለብሳለች። ረጅሙ ሹሩባዋም ተቆርጧል።

«እማ! ማን ቁረጪ አለሽ?»

«ዝም በል! በላ ፓዝ ከተማ የባላገር ልጅ መኮንን ሲሆን አይተሃል?»

አካዳሚው ሲደርሱ ፈታኙ ኮሎኔል እናቱን ከላይ እስከ ታች ገረመማትና «ጥሩ፣ ባላገር አይደሉም» አለ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞረ። «አንተ፣ ለምን መኮንን መሆን ፈለግህ?»

ዊልፍሬዶ የእናቱን ባዶ ማጅራት አየ። «ለአገሬ» የሚለውን ያጠናውን መልስ ዋጠው።

«የእርስዎን ወንበር ፈልጌ ነው።»

ኮሎኔሉ በሳቅ ፈረሰ። «ወኔ አለው! ይግባ!»

እናቱ ግን ቀልድ እንዳልሆነ ገባት። እንደ ልማዷ በእጇ የሌለውን ሹሩባዋን ወደ ኋላ ወረወረችው።